ግማሹ ጣራ

በእኛ መንደር ስለ ልጄ ሲወራ ወሬው የሚጀምረው ከባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነው። ያሳደጋት እሱ፣ ያስተማራት እሱ፣ ከጎረቤት አገሮች ውድድር ሜዳሊያ ይዛ እንድትመጣ የላካት እሱ። ብዙ ዓመት ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። ዕድሜዬን በሙሉ አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አልለውም። በሕይወት አለ። ዓይኑ ቢደክም እንኳ የሚያነብለት አያጣም።

ስም አልጠራም። የልጄንም አልጠራም፤ እሷ ኑሮዋን ይዛለች፤ በእኔ ቂም ውስጥ ምን አገባት?

ባለቤቴ የሞተው መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነው። የተወልኝ አንዲት ሴት ልጅ፣ ጥቂት በጎችና የድንጋይ ቤት ነበር። የቤቱን ጣራ በገዛ እጁ ነው የከደነው፤ በጓሳ ሣር። ሣሩ ጥሩ ነው፣ ብርድ ያስጥላል፤ ግን ዕድሜ አለው። እኔ የምነግራችሁ ዘመን ሲደርስ ጠቁሮ፣ በስብሶ፣ በአንዳንድ ቦታ ሰማይ ያሳይ ጀምሮ ነበር። በክረምት መኝታዬን ከጥግ ጥግ እየጎተትኩ ነው የማድረው።

ጓሳ ደግሞ ማጭድ ይዞ ባሻው ቀን የሚገባበት ሜዳ አይደለም። ለዓመታት ይዘጋል፤ ጠባቂ ይቆምበታል። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌዎች ይመክሩና ከቅዳሴ በኋላ ቀኑ ይታወጃል። በተከፈተበት ሰሞን ከየቤቱ የወጣ ሰው ያጨደውን ይወስዳል። ያመለጠው እስከሚቀጥለው ድረስ ይጠብቅ። እኔና ልጄም ስንጠብቅ ነበር። ቀኝ ትከሻዬ ሞላሌ ገበያ ስሄድ ከፈረስ ወድቄ ከተሰበረ ወዲህ እጄ ከደረቴ በላይ አይነሳም፤ ስለዚህ የቤታችን ማጭድ ልጄ ነበረች።

እሷ መሐል ሜዳ ከተማ ትማራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ ትመጣለች፣ እሁድ ትመለሳለች። የስፖርት አስተማሪዋ አረማመዷን አይቶ፣ «ሯጭ ሞልቷል፤ አንቺ ተራመጂ» አላት። የእርምጃ ውድድር የሚባል እንዳለ ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አንዱ እግር ሁልጊዜ መሬት መንካት አለበት። መሬት የሚረግጠው እግር ጉልበቱ አይታጠፍም። ሁለቱም እግር ከመሬት ከተነሳ ዳኛው ያያል፣ ቀይ ካርድ ይመዘዛል፣ ያልቃል። እንዲህ ሆኖ ሲፈጠን ወገብ ዝም አይልም፤ ግራና ቀኝ ይላል። ለእኔም መጀመሪያ እንግዳ ነበር። እኔ ግን አልሳቅሁም።

አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ እሱ ከሰዎች ጋር ቅጥሩን ተደግፎ ተቀምጧል። ልጄ ወደ መሐል ሜዳ ልትሄድ በዚያ አረማመዷ በፊታቸው አለፈች።

«ምነው እቴ፣ ልጅቱን ሆዷን አሟታል?» አለኝ ጮክ ብሎ።

«ደህና ናት፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን ሆና ነው እንዲህ የምትወዛወዘው? ሩጫ ከሆነ ትሩጥ፣ መንገድ ከሆነ እንደ ሰው ትሂድ!»

«ጫካው ሳይርቅባት አይቀርም» አለ አንዱ፤ ሁሉም በሳቅ ተንፈራፈሩ።

«የወንድሜን ስም ነው የምታወዛውዘው» አለ እሱ፤ ይህን ሲል አልሳቀም።

ልጄ ሰምታለች። ዞር አላለችም፤ አረማመዷንም አልለወጠችም። እኔ ግን ያን ቀን ቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ከበረት ወደ ጓሮ፣ ከጓሮ ወደ በር ስል ዋልኩ።

ከዚያ በወረዳ አሸነፈች፣ በዞን አሸነፈች፣ በክልል ሁለተኛ ወጣች። አንድ ግንቦት አስተማሪው በበቅሎ መጣና ለአገር መመረጧን ነገረን። አዲስ አበባ ካምፕ ገብታ ትሰነብታለች፤ ከዚያ ጎረቤት አገር ትሄዳለች፤ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች በኳሱም በቦክሱም በሩጫውም የሚገናኙበት ውድድር ነው። ደስታዬን ሳልጨርስ በዚያው ሳምንት ጓሳ እንደሚከፈት ታወጀ።

«እማዬ፣ ሣሩን አጭጄ እሄዳለሁ» አለች።

«አስተማሪሽ ይጠብቅሻል?»

«አይጠብቅም።»

«እንግዲያ ምን ታወሪያለሽ?»

«ክረምቱን በምን ልትወጪው ነው? ይኸው ከአልጋሽ ላይ ሆነሽ ኮከብ ትቆጥሪያለሽ።»

ይህን ሁሉ ሽማግሌዎቹ ሰምተው ኖሮ በማግስቱ ስብሰባ ላይ ጉዳዩ ተነሳ። የቀበሌው ሊቀመንበር ተቀምጧል። የባለቤቴ ወንድም ብድግ አለ፤ ጋቢውን አስተካከለ።

«ልጅቷ የአገር አደራ ተሸክማለች፤ ትሂድ! የወንድሜ ቤት ሣር በእኔና በልጆቼ ማጭድ ይታጨዳል። ይህን የምለው በእናንተ ፊት ነው።»

ሊቀመንበሩ አጨበጨበ። ልጄ ሮጣ ጉልበቱን ሳመች። እኔም አመሰገንኩ። ምን ላድርግ?

ጓሳ የተከፈተ ቀን ጠመኔ የመሰለ ውርጭ መሬቱ ላይ ነበር። አህያዬን ይዤ ወጣሁ። እሱና ሦስቱ ወንዶች ልጆቹ ማጨድ ጀምረዋል። ከአጠገባቸው ቆምኩ።

«ጋሼ፣ የኛን ከየት ትጀምሩልናላችሁ?»

«ይደርሳል፣ እቴ። መጀመሪያ የኛን እናንሳ።»

ከቀትር በኋላም ይደርሳል አለኝ። በማግስቱም። እኔ ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው እየተራመድኩ የሰው ሣር ሲታሰርና ሲጫን አያለሁ። በመጨረሻው ቀን የእሱ አህዮች ተጭነው ቁልቁል ሲወርዱ ከፊቱ ቆምኩ።

«እቴ፣ ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለ። «ከቤቱ የወጣ ሰው ነው የሚያጭደው። ያንቺ ቤት ሰው አዲስ አበባ ነው።»

«በሕዝብ ፊት የተናገሩትስ?»

«ተናገርኩ እንጂ አልፈረምኩ።» ልጆቹን ወደ ኋላ ዞሮ አያቸው፤ ሳቁለት።

ማጭዱን በግራ እጄ ያዝኩ። በግራ የሚያጭድ ሰው ምን ያህል እንደሚያጭድ የሞከረ ያውቀዋል። እስኪመሽ ያገኘሁት የጣራዬን ግማሽ እንኳ በቅጡ የሚከድን አልነበረም። ከዳኙን ለምኜ በመኝታዬ በኩል ያለውን አስከደንኩ፤ ሌላው ወገን እንደነበረ ቀረ። መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ ያይና፣ «የእትዬ ቤት ግማሽ ራሱን ተላጨ» ይል ጀመር።

ለልጄ አላስነገርኩም። ብትሰማ ትመለሳለች።

ሰኔ ገባ። በሬዲዮ ይነገራል ሲሉኝ ሱቁ ደጅ እቆማለሁ፤ ኳስ ይነገራል፣ ቦክስ ይነገራል፤ ስለ እርምጃ የሚያነሳ የለም። እመለሳለሁ፣ ደግሞ እሄዳለሁ። በመጨረሻ አስተማሪው ልኮ አስነገረኝ፤ ሦስተኛ ወጥታለች። ነገሩን እሷ ኋላ አጫወተችኝ። ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነበር አለች። ከፊቷ የነበረችው የሌላ አገር ልጅ መጨረሻ ላይ ቸኩላ ሁለት እግሯን አነሳች፣ ቀይ ካርድ አየች። የኔዋ መሬቱን አልለቀቀችም።

ሐምሌ ላይ መሐል ሜዳ አቀባበል ተደረገላት። መድረክ ተሠርቷል፣ ድምፅ ማጉያ ይጮኻል፣ ከወረዳ የመጡ ኃላፊ ስለ ልማታዊ አትሌት ረጅም ንግግር ያደርጋሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ከታች ቆሜያለሁ። እሱ ነጭ ጋቢ ለብሶ መድረኩ ላይ ነው፤ «የአትሌቷ አሳዳጊ አባት» አሉት። ማይኩን ሰጡት።

«እኛ ልጅ ስንልክ ቤቷን ባዶ አንተውም» አለ። «የእናቷን ጣራ ሳይቀር በዚህ በእጄ አጭጄ ከድኛለሁ!»

ተጨበጨበ። ልጄ ገና ወደ ቤት አልመጣችም፤ አላየችም። ዝቅ ብላ ጉልበቱን ሳመችው። ሰውነቴ አንድ ቦታ አልቆም አለኝ። ተሰብሳቢው ወደ እሱ ቤት ሊሄድ ነው፤ በግ አርዶ፣ ጠላ አስጠምቆ ጨርሷል። ያን ጊዜ ሰዉን እየገፋሁ መድረኩ ሥር ደረስኩና፣ «ክቡር ኃላፊ፣ እናቷ ነኝ» አልኩ። «ልጄ መጀመሪያ የምትገባው ተወልዳ ካደገችበት ቤት ነው። እባክዎ፣ እርስዎም ይባርኩልኝ።»

እምቢ ማለት የሚቻል ነገር አልነበረም። እሱ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ኃላፊው ቀድመው፣ «በጣም ጥሩ፣ እናታችን!» አሉ።

መኪናቸው እስከሚደርስበት መጡ፤ የቀረውን በእግር። ከቤቴ ስንደርስ ደመናው ወርዶ ጣራውን ሸፍኖት ነበር። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ሁሉም ጎንበስ እያለ ገባ፣ ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ ጣራ አያይም። ኃላፊውን በመኝታዬ በኩል፣ ከደረቁ መደብ ላይ አስቀመጥኩ። እሱን እጁን ይዤ ወሰድኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ የክብር ቦታ ላይ» አልኩና በወዲያኛው ወገን አስቀመጥኩት።

ቆሎ እየዞረ ዝናቡ ጀመረ። መጀመሪያ ትከሻው ላይ ጠብ አለ። ጋቢውን ሰበሰበ። ቀጥሎ አናቱ ላይ። ኃላፊው ያን ጊዜ እሱን እያወደሱ ነበርና መነሳት አልቻለም፤ ብቻ በመቀመጫው ይንፏቀቃል። ውሃው ተከተለው። ኃላፊው ንግግራቸውን አቋርጠው ቀና አሉ፤ ቤቱ በሙሉ ቀና አለ። በአንዱ ወገን አዲስ ሣር፣ በሌላው ወገን ጥቁር ጭራሮና ሰማይ።

ልጄ ጣራውን አየች። እኔን አየችኝ። ከዚያ እሱን አየችው። እሱ ለመነሳት እጁን መሬት ላይ አስደግፎ ነበር።

«ጋሼ፣ አይነሱ» አለችው፣ በጣም በትሕትና። «የራስዎ ሣር ነው።»

ማንም አልሳቀም። ኋላ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ በሩቅ ከመንገድ ላይ ሳቃቸው ተሰማኝ።

የእሱ ጠላ ያን ቀን ማን እንደጠጣው አላውቅም። ልጄ በማግስቱ ማጭድ አንስታ ነበር፤ ግን ጓሳ ተዘግቷል፣ ሕግ ሕግ ነው። ክረምቱን እንደምንም ወጣሁት። ዛሬ ቤቴ ቆርቆሮ ነው፤ እሷ ነች ያሠራችልኝ፣ ከደመወዟ። መንደሩ ግን ይኸው፣ ትናንትም የለቅሶ ድንኳን ውስጥ አንዲት ልጅ እግር፣ አያ እገሌ ባይኖሩ ልጅሽ የት ትደርስ ነበር አለችኝ። ስለዚህ ጻፍኩት።

ቆርቆሮው አያፈስም። ዝናብ ሲጀምር ግን ድምፁ ያስነሳኛል፤ ሳላስበው አልጋዬን ይዤ ወደዚያኛው ጥግ መጎተት እጀምራለሁ።