ዋና ያስተማሩን እትዬ አስካለ

እትዬ አስካለ ማክሰኞ ጠዋት ቤይሩት፣ ዶራ ሰፈር በሚገኘው የኪራይ ክፍላቸው፣ የስደት እኅቶቻቸው እንደከበቧቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከዛልቃ እስከ ኦዛይ በየሰፈሩ የምታውቋቸው ሁሉ ስልካችሁ ሲጮህ ምን እንደተሰማችሁ ይገባኛል። እኔ የሰው ቤት መስኮት እየወለወልኩ ነበር፤ ጨርቁን እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሆኖም እርሳቸውን ሳስብ እንባዬን የሚቀድመው ሳቅ ነው።

የወሎ ሰው ነበሩ፤ ሐይቅ ዳር ተወልደው ዋናን በልጅነታቸው የተካኑ። ቤይሩት ውስጥ ግን የታወቁት በካውያቸው ነው፤ እርሳቸው የተኮሱት ሸሚዝ አዲስ ይመስላል። ማደሪያ ያጣች ልጅ ስትመጣ ፍራሻቸውን ለቀው ወለል ላይ ይተኛሉ። ከአሠሪዎቼ ቤት ወጥቼ መድረሻ ሳጣ ያስጠጉኝ እርሳቸው ናቸው። «መጀመሪያ ብይ፣ ከዚያ ተኚ፣ ነገ አብረን እናለቅሳለን» አሉኝ። በማግስቱ ማልቀሱን ሁለታችንም ረሳነው።

አምና ነሐሴ፣ ሙቀቱ ክፍሉን ምድጃ ባደረገው ቅዳሜ፣ «ያላ፣ ተነሱ! ሐይቅ አግኝቻለሁ!» ብለው ገቡ። ከተራራው ማዶ፣ ድንኳን ተክሎ ማደር የሚቻልበት ጸጥ ያለ መናፈሻ ነበር። ሰባት ሆነን ከዶራ ቫን ያዝን። አብዛኞቻችን መኖሪያ ፈቃድ የለንም፤ ኬላው ጋ ስንደርስ ትንፋሻችንን ዋጥን። ወታደሩ በእጁ እለፉ ሲለን ቫኑ በእልልታ ተናወጠ።

የመናፈሻው ዘበኛ ግን በሩ ላይ አገደን። «ማዳማችሁ የት አለች? ሠራተኛ ብቻውን አይገባም። ውሃው ውስጥማ ጭራሽ!» አለ።

እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ወደ ቫኑ ዞሬ ነበር። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በጠራ ዐረብኛ፣ «ማዳማቸው እኔ ነኝ። ዛሬ ዕረፍት ሰጥቻቸዋለሁ» አሉት።

ዘበኛው ግራ ገባው። ልጆቿን ይዛ ከኋላችን የቆመች ሊባኖሳዊት ሳቋ አመለጣትና፣ «ማዳሚቱ ተናገሩ እኮ! አስገባቸው እንጂ!» አለችው። እሱም ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት በሩን ከፈተ።

ድንኳኑ ሁለት ጊዜ ላያችን ላይ ወደቀ። በሦስተኛው ሲቆም እትዬ አስካለ ሮጠው፣ ስድሳ የሞላቸው ሴት፣ ከድንጋይ ላይ ዘለው ጠለቁ! ጠበቅን፤ አልወጡም። መጮህ ስንጀምር ከወዲያ ማዶ ብቅ ብለው እጃቸውን አወዛወዙልን።

እኔ ውሃ እፈራለሁ። እየጎተቱ እስከ ወገቤ አስገቡኝና መዳፋቸውን ከጀርባዬ ሥር አደረጉ። «ሰውነትሽን ልቀቂው። ዓመቱን ሙሉ የሰው ዕቃ ተሸክመሻል፤ ዛሬ አንቺን ውሃው ይሸከምሽ» አሉኝ። ዐይኔን ጨፈንኩ። «እትዬ፣ እንዳይለቁኝ!»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ከለቀቅኩሽ ቆየሁ!»

ዐይኔን ስገልጥ አምስት እርምጃ ርቀው ቆመው ያጨበጭባሉ። ከላዬ ሰማይ፣ ከሥሬ ውሃ፣ የሚጠራኝ ማንም የለም። እንደ ሕፃን ጮህኩ! በማግስቱ ጠዋት ገና ሰው ሳይነቃ ብቻዬን ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ ስንቶቻችንን አስተማሩ! ልባቸው ታሞ ከአልጋ ሲውሉ እንኳ ከሐይቁ ስንመለስ ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ «ማን ተንሳፈፈች?» ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ልጅ ሳስተምር የተቀረጸውን ቪዲዮ አሳየኋቸው። ደጋግመው አዩትና እጄን ያዙ። «ጎበዝ። እኔ አንቺን ቶሎ ለቅቄሽ ነበር፤ ያኒ፣ ማለቴ ቸኩዬ ነው። አንቺ ትንሽ ታገሺያቸው» አሉኝ።

እትዬ፣ አስከሬንዎ ሐሙስ ወደ ወሎ ይሸኛል፤ ልጅዎና ወንድሞችዎ ይቀበሉዎታል። እኛ ደግሞ እሑድ ሐይቁ ዳር እንሰበሰባለን። ማልቀስ የፈለገች ውሃ ውስጥ ገብታ ታልቅስ ተባብለናል። ደኅና ይሂዱ፣ እናታችን።