የላይፉ መርዶ

ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ ወጥቼ የሲልቨር ስፕሪንግን ባቡር ጣቢያ ደረጃ ስወጣ፣ ሜይ የምትባል ቻይናዊት ወዳጄ የላከችው መልእክት ስልኬ ላይ ደረሰ። አሌክሳንድሪያ የነበረውን የአባቷን ቤት የገዙት ሰዎች ጓሮውን ቆፍረው ተጨማሪ ክፍል ሊሠሩበት ነው። ከዚያ በፊት ግን ከኮኩ ዛፍ ሥር የተቀበረውን የአባቷን ውሻ አፅም፣ በዙሪያው ካለው አፈር ጋር አውጥታ ሄርንደን ወደሚገኘው ቤቷ እንድትወስድ ፈቅደውላታል። "የቀበርከው አንተ ስለሆንክ ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚጠልቅ የምታውቀው አንተ ነህ፤ ቅዳሜ ትመጣልኛለህ?" ይላል መልእክቱ።

ባቡሩ መጣ፤ ሄደ። እኔ ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ከዚያ ዛፍ ሥር አንዳችም አፅም እንደሌለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረምና።

ነገሩ የሆነው ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከኮሌጅ በተረፈኝ ሰዓት፣ እናቴ በምትተዳደርበት የሆም ኬር ሥራ ገብቼ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን እረዳ ነበር። ከእነዚህ አንዱ የሜይ አባት ሚስተር ሊን ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር። ባለቤታቸው ሞተውባቸዋል፤ አንድ ልጃቸው ሜይ ደግሞ በዚያን ጊዜ የምትኖረው ካሊፎርኒያ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ቀዩን መስመር ይዤ፣ መሃል ከተማ ላይ ወደ ቢጫው ተዛውሬ፣ ወንዙን ተሻግሬ አሌክሳንድሪያ እወርዳለሁ። ከጣቢያው እስከ ቤታቸው ያለው የጡብ መንገድ፣ ከሥሩ ያሉት የዛፍ ሥሮች እየገፉት ወጣ ገባ ሆኖ ስለነበር፣ እግሬ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። እንግሊዝኛ አንተንና አንቱን አይለይም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ እያልኩ ነበር የማናግራቸው።

ላይፉ የሚባል፣ ዐሥራ አራት ዓመት የሞላው ቡናማ ውሻ ነበራቸው። በአገራቸው፣ ሳይጠሩት ከደጅ የመጣ ውሻ ሀብት ይዞ ይመጣል የሚል እምነት አለና፣ ስሙን ከዚያ እንደወሰዱት ነግረውኛል። እኔ ደግሞ ውሻ ከበረንዳ ከማያልፍበት ቤት የወጣሁ ሰው ነኝ። ላይፉን የነካሁ እንደሆነ እጄን ሁለት ጊዜ እታጠባለሁ። የቤተ ክርስቲያን ልብሴን ለብሼ እዚያ ቤት አልገባም። ማታ ስመለስ እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ "ኮትህን ውጭ አራግፈህ ግባ፤ የውሻ ፀጉር እንዳታመጣብኝ" ትለኛለች።

ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። ሚስተር ሊን ሥጋም ወተትም እንደማልቀምስ ከሰሙ ወዲህ፣ ቶፉ ከጎመንና ከዝንጅብል ጋር ጠብሰው፣ የሰሊጥ ዘይት ጠብ አድርገውበት ከነጭ ሩዝ ጋር ያቀርቡልኝ ጀመር። ረዳቱ እኔ ሆኜ ሳለ የምበላው እሳቸው የሠሩትን ነበር። አንድ ቀን አብረን ስንበላ፣ ስንት ጊዜ ከምላሴ ጫፍ የመለስኩትን ጥያቄ አወጣሁት፤ በአገራችሁ ውሻ ይበላል የሚባለው እውነት ነው ወይ አልኳቸው።

"እውነት ነው" አሉኝ፣ ሳይቆጡ። "ሁሉም ሰው አይደለም፤ ሁልጊዜም አይደለም። እናንተስ?"

"እኛ አንበላም። ግን ቤትም አናስገባም።"

"ዝናብ ሲዘንብስ?"

"ደጅ ነው የሚያድረው።"

ወደ ላይፉ ጎንበስ ብለው በቋንቋቸው የሆነ ነገር ሹክ አሉትና ቀና አሉ። "ነገርኩት" አሉኝ። "ከሁለታችን ማን እንደሚሻለው እያሰበበት ነው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ውሻ በአገራቸው ታሪክ የነበረውን ቦታ በየጊዜው ያወጉኝ ጀመር። በጥንታውያን መቃብሮች ውስጥ ከሟቹ ወገብ በታች ውሻ ይቀበር እንደነበር፤ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ጆሮውን ያቆመ የሸክላ ውሻ ሙታንን እንዲጠብቅ ከጎናቸው ይቀመጥ እንደነበር፤ ለመሥዋዕት ከገለባ የተሠራ ውሻ፣ ጥልፍ ለብሶ በክብር ከቀረበ በኋላ፣ ሥርዓቱ ሲያበቃ መንገድ ላይ ተጥሎ ይረገጥ እንደነበር ነገሩኝ። በደቡብ በሚኖሩ አንዳንድ ሕዝቦች ዘንድ የሩዝን ዘር በጅራቱ ይዞ ለሰው ልጅ ያመጣው ውሻ ነው ይባላል፤ ስለዚህ አዲሱ ሩዝ ሲደርስ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ነው። ይከበራል፣ ይበላል፣ ይቀበራል፣ ይረገጣል። ሁሉንም በማስታወሻ ደብተሬ እጽፈው ነበር።

አንድ ታሪክ ግን ከሁሉ ተለይቶ ቀርቶብኛል። በጥንት ዘመን የነበረ አንድ መምህር ውሻው ሲሞትበት፣ ሄዶ እንዲቀብርለት ደቀ መዝሙሩን አዘዘው። ያለው ሰው ውሻውን በአሮጌ የሠረገላ ጥላ ጠቅልሎ ይቀብራል፤ መምህሩ ግን ድሃ ስለነበር ጥላ አልነበረውም። በሰሌን ጠቅልለህ ቅበረው፣ ራሱ አፈር ላይ እንዳያርፍ አለው። ሚስተር ሊን ይህን ከነገሩኝ በኋላ፣ እሳቸውም ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጠ አንድ ሰሌን እንዳላቸው ነገር ግን ሠረገላ ኖሯቸው እንደማያውቅ ተናግረው ሣቁ። በእኛም አገር ድሮ በሰሌን ይጠቀለል የነበረው የሰው አስከሬን ነውና፣ ለውሻ ሲሆን ነገሩ ከበደኝ። ቢሆንም ጻፍኩት። ታሪክ የነገሩኝ እንጂ አደራ የሰጡኝ አልመሰለኝም።

መጋቢት መጨረሻ ላይ ሚስተር ሊን ከደረጃ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ማገገሚያ ገቡ፤ የቤቱን ቁልፍና ላይፉን ለእኔ ተዉ። በሳምንቱ ጠዋት በሩን ስከፍት፣ ውሻው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ እንደተዘረጋ ቀዝቅዞ አገኘሁት። አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ ነበር።

እናቴ ጋ ደወልኩ።

"እንዳትነግራቸው" አለችኝ። "ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ እንዲህ ያለ ነገር ይነገረዋል እንዴ? ይጠንክሩ፣ ቤታቸው ይግቡ። ያን ጊዜ እኔም እመጣና ቁጭ አድርገን እንነግራቸዋለን።"

የምትናገረው የኖረችበትን ነው። አያቴ ጎንደር ያረፉ ጊዜ እናቴ ሳትሰማ አራት ቀን ሥራ ገብታ ወጥታለች፤ የሰፈራችን ሰዎች ግን ሁሉም ያውቁ ነበር። በአምስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ ተሰብስበው በሯን አንኳኩ፤ በመካከላቸው ተቀምጣ ተረዳች። ይህን ያየሁ ልጅ ስለነበርኩ፣ ምክሯን ያለ ጥርጥር ተቀበልኩ።

ላይፉን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ በሚስተር ሊን መኪና ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ቤት ወሰድኩት። የተሰጠኝ ቅጽ ላይ፣ ከተቃጠለ በኋላ አመዱ ለብቻው ይመለስ ወይስ ከሌሎች ጋር ይሁን የሚል ጥያቄ ነበረ። የኮሌጅ ትምህርት ሊያመልጠኝ ነው፤ ደግሞም ውሻ ነው። ከሌሎች ጋር የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ ወጣሁ። ሰሌኑ ትዝ ያለኝ ከቀናት በኋላ ነው።

ለሦስት ሳምንት ያህል ማገገሚያው ድረስ እየሄድኩ ዋሸኋቸው። ላይፉ እንዴት ነው ሲሉኝ፣ ደህና ነው፣ ትናንት ሩዙን ጨርሶ በላ እላቸዋለሁ። ፊታቸው ይፈካል። ያን ፊት ለማየት ስል ውሸቱን እያስጌጥኩት ሄድኩ፤ ጥንቸል ያባረረበትን ቀን ሁሉ ፈጠርኩላቸው።

ቤታቸው የገቡ ዕለት ኮኩ አብቦ ነበር። በመራመጃቸው ተደግፈው ከደጃፉ ቆሙና የውሻቸውን ስም ጠሩ። ደግመው ጠሩ። እናቴ በማግሥቱ ማለዳ መጥታ አብረን ልንነግራቸው ተስማምተን ነበር፤ ሦስተኛውን ጥሪ ለመስማት ግን ዐቅም አጣሁ። ሞቷል አልኳቸው።

ተቀመጡ። አላለቀሱም። "ራሱ ምን ላይ አረፈ?" አሉኝ።

አደራ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። "ሰሌን ላይ" አልኩ። "ጓሮ፣ ከኮኩ ሥር ቀብሬዋለሁ።"

እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው አመሰገኑኝ።

እዚያው አድሬ፣ በማግሥቱ ገና ሳይነሡ ሰሌኑን ከምድር ቤት አውጥቼ፣ ከዛፉ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ፣ ባዶውን ዘርግቼ አፈር መለስኩበት። ጠፍጣፋ ድንጋይም አኖርኩበት። እናቴ ስትደርስ፣ ነግሬያቸዋለሁ አልኳት፤ የቀረውን አልነገርኳትም።

በዚያው ዓመት ቅጠሉ ሲረግፍ፣ ሚስተር ሊን አዲስ ምርት የሚል የተጻፈበት የሩዝ ከረጢት አስገዙኝ። ቀቅለው፣ የመጀመሪያውን ሳሕን ይዘው ወደ ጓሮ ሲወጡ ክንዳቸውን ደግፌ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። ሩዙ ድንጋዩ ላይ ሆኖ ሲተን፣ አብረን ቆመን አየነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ኖሩ። ሊያርፉ ሲሉ፣ አመዳቸው ከሚስታቸው ጎን እንዲሆን፣ ጥቂቱ ግን ላይፉ ካለበት እንዲደረግላቸው ሜይን ለመኗት። ሜይ ከካሊፎርኒያ መጥታ ድንጋዩን አነሣች። "እዚህ ጋ ነው?" አለችኝ። እዚህ ጋ ነው አልኳት። አፈሩን በጣቶቿ ጫር ጫር አደረገችና የአባቷን አመድ አፈሰሰችበት።

ከወገኖቼ ልማድ የወሰድኩት ግማሹን ብቻ እንደነበር አሁን አስተውላለሁ። እኛ ሞትን የምንደብቀው ልንናገረው ነው፤ የምንዘገየው ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሰማው ሰው እስኪሰበሰብ ነው። እኔ መደበቁን ወስጄ መናገሩን ተውኩት፤ ቸርነት እየመሰለኝም ዐሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩበት።

የዚያ ማክሰኞ ማታ ሁሉንም ለእናቴ ነገርኳት። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

"ደብቅ ነው እንጂ ያልኩህ" አለች በመጨረሻ፣ "ጉድጓዱን ከየት አመጣኸው?" ቀጥላም፣ "ብቻህን አትሄድም። እኔም አለሁበት" አለችኝ።

ትናንት ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ሄርንደን፣ ሜይ ቤት ደረስን። እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ነበር። ከእኛ ሰዎች አንዷ ብትሆን ኖሮ፣ በዚያ ሰዓት ሁለታችንን ከደጇ ቆመን ስታይ፣ ገና አፋችንን ሳንከፍት ታለቅስ ነበር። ሜይ ግን የአትክልት ጓንቷን እንዳጠለቀች በሩን ከፍታ ፈገግ አለች፤ በጣም በጊዜ መጣችሁ፣ ግቡ አለችን።