ስም ያልተጠራበት ጡሩምባ

ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጾም ሽሮዬን በልቼ ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ። መነጽሬን ስፈልግ ልጄ ቀድማኝ አነበበችው።

«ወይዘሮ አማረች ስላረፉ ነገ በስድስት ሰዓት በቀብራቸው ላይ እንድትገኙ እድራችን ያሳስባል፣ ይላል አባ።»

በዚህ ዘመን ሞትም በስልክ ነው የሚመጣው፣ ከባንክ መልእክትና ከሎተሪ ማስታወቂያ መሃል ተሸጉጦ። እጄን ሳልታጠብ ተነሳሁ። ወደ በረንዳ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ ወጣሁ። ባለቤቴ «ኧረ አንድ ቦታ ቁጭ በል፣ አዞርከን እኮ!» አለችኝ። ቁጭ ማለት መቼ አውቄ! ወዲያው ሳሙኤል ደወለ። ከሳሙኤል ጋር ከልጅነታችን ጀምሮ ሳንጨቃጨቅ ውለን አናውቅም፤ ክፉ ወሬ ስንሰማ ግን መጀመሪያ የምንደዋወለው እኛው ነን።

«ሰማህ ማቲ?»

«ሰማሁ።»

«እማማ አማረች በስልክ አይሸኙም። የድሮው ጡሩምባ እድር ቤት ተሰቅሏል። ነገ ጠዋት እንዲነፋ የእድሩን ዳኛ አስፈቅጃለሁ።»

«ጥሩ አደረግህ። ማን ይነፋዋል?»

«አንተ።»

«አንተ ሰውዬ፣ በሞት ትቀልዳለህ?»

«አልቀለድኩም። አንተ ነህ የምትነፋው። ስማቸውንም ትጠራለህ።» ብሎ ዘጋው።

የፈራሁት መንፋቱን አይደለም፤ ጉዱ ሌላ ነው። ያንን ጡሩምባ አንድ ጊዜ፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ሰው ሳይሞት አስነፍቼዋለሁ።

ያኔ ጦርነት ነበር። የቱ ጦርነት አትበሉኝ፤ ለእናት ሁሉም አንድ ነው። ሽሮ ሜዳ ከጠዋት እስከ ማታ የሽመና ድምፅ የማይጠፋበት ሰፈር ነው፣ በዚያ ዓመት ግን ድምፁ ሳሳ። አባቴ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነበር። በሽመና ቤታችን ውስጥ እግር የሚገባባቸው ሁለት ጉድጓዶች ነበሩ፣ አንዱ የአባቴ፣ አንዱ የታዴ። ታዴ የጎረቤታችን የእማማ አማረች አንድያ ልጅ ነው፤ አባቴ ነው ሙያውን ያስተማረው። ዘመተ። ከክረምቱ ጀምሮ አንዲት መስመር ደብዳቤ አልመጣችም። አባቴ የታዴን ጉድጓድ ማንም እንዲገባበት አልፈቀደም፣ እናቴም ጠዋት ጠዋት ዙሪያውን ትጠርገው ነበር።

በዚያ ባዶ ጉድጓድ ዙሪያ ተቀምጠን ነው፣ የሰፈሩ ልጆች፣ የሰላም ሰልፍ እናድርግ ያልነው። ጥቅምት ነበር፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። እናቴ ቆጮና ዳጣ ታቀርብልናለች። ዳጣው አፋችንን ሲያቃጥለው ትንሽ ጸጥ እንላለን። ስብሰባችን ጸጥታ የሚያውቀው ያኔ ብቻ ነበር።

እኔ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ መቺ ነበርኩ። ሳሙኤል በጴንጤዎቹ አዳራሽ ጊታር ይጫወት ነበር። ግማሹ ልጅ ከኔ ጋር፣ ግማሹ ከእሱ ጋር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ያላለ ተናጋሪ አልነበረም፤ ይህን ብሎ ይቀመጥና ወዲያው ጭቅጭቅ ይጀምራል። ከየት እንነሳ? እኔ ከቤተክርስቲያን ደጅ አልኩ። ሳሙኤል «ከዚያ ከተነሳን የኛ ልጆች አይመጡም፣ ከአዳራሻችን ጎን እንነሳ» አለ። ማን ይጸልይ? ቆመን ነው ወይስ እየሄድን? ጨርቁ ላይ ምን ይጻፍ? ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ተናቆርን። ጦርነቱን እርግፍ አድርገን ትተነው ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ለሰልፉ ብሎ የሸመነልንን ረጅም ነጭ ሸማ በመቀስ ለሁለት ቆረጥነው። ግማሹን እነሱ ወሰዱ፣ ግማሹን እኛ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየን። ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ቢሰድበን ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ የእነ ሳሙኤል ሰልፍ ሆነ። ሃያ ሰው አይሞላም። እኔ ሱቅ ደጃፍ ሸንኮራ እየመጠጥኩ «ይሄ ሰልፍ ነው ወይስ የታክሲ ወረፋ?» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሳቀ። ሳሙኤል ዞሮ አየኝና አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ሳቄ አፌ ላይ ሳይደርቅ ፍርሃት ያዘኝ። ነገ የኔ ተራ ነው። እኔስ ስንት ሰው ይወጣልኝ ይሆን? ነገ ሳሙኤል እዚሁ ቆሞ ሲስቅብኝ ታየኝ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስኩት የማይለቀም ነበር። በቀጥታ ወደ ጋሽ ሻንካ ቤት ሄድኩ።

ጋሽ ሻንካ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ኮረብታው ላይ ይወጣሉ፣ ይነፋሉ፣ ከዚያ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይጠራሉ። ጡሩምባው ተነፍቶ የሚተኛ ሰው የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ጴንጤውም ይወጣል። እኔም የቋመጥኩት ለዚህ ነው።

«ጋሽ ሻንካ፣ ነገ ጠዋት ይንፉልን።»

«ማን ሞተብህ ልጄ?»

«ስንቱ እየሞተ አይደል እንዴ? ጡሩምባ ያልተነፋለት ስንት የሰው ልጅ አለ! ለእነሱ ይንፉላቸው። ስም አይጥሩ፣ ሜዳው ላይ ውጡ ብቻ ይበሉ።»

የያዙትን ክር አስቀመጡ። «ይሄ ጡሩምባ ተዋሽቶበት አያውቅም።» አሉኝ።

«ውሸት ነው እንዴ? ሰው አልሞተም?»

የእሳቸውም የወንድም ልጅ ግንባር ነበር። «እሺ» አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው።

እሁድ ሰማዩ ገና ሲገረጣ ጡሩምባው ጮኸ። «ሜዳው ላይ ውጡ!» አሉ ጋሽ ሻንካ። ስም የለም። እኔ ግማሽ ሸማዬን ዘርግቼ ሜዳው ላይ ቆሜያለሁ፣ ልቤ በደስታ ሊፈነዳ ነው። ሰው ጎረፈ! ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ የድንኳን ቋሚ የተሸከሙም አሉ። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚጠይቀው። «ማን ነው? ማን ነው?»

ያኔ ነው ከታች በኩል ጩኸት የሰማሁት። እማማ አማረች ነጠላም ጫማም ሳይኖራቸው «ታዴ! ታዴዬ!» እያሉ ያኔ ገና ኮብልስቶን ባልተነጠፈበት ድንጋያማ ዳገት ይሮጣሉ። ጡሩምባው ስም አልጠራምና የልጃቸውን ስም ራሳቸው ሞሉበት። ዓይኔ እያየ ተደናቅፈው በግንባራቸው ተደፉ። ከአጥራቸው ማዶ የሚኖረው ሳሙኤል ከኋላቸው ሮጦ ደርሶ አነሳቸው። ደም ፊታቸውን ሸፍኖታል። እኔን ሲያዩ ሸማዬን ጨምድደው ያዙ።

«ልጄ ነው አይደል? ንገረኝ ማቲ! የት ነው የወደቀው?»

ሳሙኤል ነው «አልሞተም እማማ! ማንም አልሞተም!» ያላቸው።

ከዚያ አንዱ ሽማግሌ «ሰው ሳይሞት ጡሩምባ? ሟርተኛ!» አሉ። ጉድ ፈላ። አባቴ በሰው ፊት በጥፊ አጮለኝ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሻንካን ጡሩምባውን ተቀበሏቸው። ጋሽ ሻንካ እኔን አልከሰሱም፤ ባዶ እጃቸውን እያዩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። እህል አልቀመስኩም። ማክሰኞ ዕለት ሳሙኤል መጣ፤ ሊስቅብኝ ነው ብዬ ጠበቅኩት።

«ተነስ፣ ድንጋይ ተሸክመን እማማ አማረች ጋ እንሂድ።»

«አንተ ምን አጠፋህና ነው?»

መሬት መሬት አየ። «ቅዳሜ ስትስቅብኝ ጊዜ… እ… ማለቴ… ማታ ተንበርክኬ ያንተ ሰልፍ እንዳይሳካ ጸለይኩ። ለሰላም ሰልፍ ክፉ የጸለየ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።»

ከወንዙ ዳር ሁለት ድንጋይ መርጠን ማጅራታችን ላይ አድርገን፣ ጎንበስ ብለን ደጃቸው ቆምን። እማማ አማረች ግንባራቸው በጨርቅ ታስሮ ወጡ። ቶሎ አስቀምጡ አላሉንም። አንገቴ ሊቀነጠስ ደረሰ። ሳሙኤል ሲያቃስት ይሰማኛል።

«ያን ዕለት» አሉ በመጨረሻ፣ «የኔ ልጅ ብቻ መስሎኝ ነው የወጣሁት። ዳገቱ ላይ ግን ከየበሩ የየልጁ ስም ሲጠራ ሰማሁ። ይሄ ሁሉ እናት ለካ እንደኔ ነው የሚያድረው። እናንተ ከየት እንነሳ እያላችሁ ስትጣሉ ከኛ በር መነሳት እንዴት ጠፋችሁ?»

«አስቀምጡት። እሁድ ከኔ በር ትነሳላችሁ። እኛ እናቶቹ ከፊት፣ እናንተ ከኋላ። ጽሑፍ አልፈልግም፣ እያንዳንዷ የልጇን ስም ትጠራለች። ነጠላ ግን አናዘቅዝቅም፤ ልጆቻችን አልሞቱም። ሻንካም ጡሩምባው ይመለስለት።»

እንዳሉት ሆነ። አባቴ የተቆረጠውን ሸማ ሰፍቶ ለእማማ አማረች አለበሳቸው፤ ስፌቱ ጀርባቸው ላይ እንደ ጠባሳ ይታይ ነበር። እናቶቹ ነጠላቸውን እንደ በዓል ቀን አድርገው፣ ስም እየጠሩ ቁልቁል ወረዱ። ከየቤቱ እየወጣ የሚቀላቀለን ሰው መጨረሻ አልነበረውም። እኔና ሳሙኤል ከኋላ ጎን ለጎን ሄድን። ስድስት ኪሎ ሳንደርስ ተበተኑ ተባልን፣ ተበተንን። ጦርነቱ በእኛ ሰልፍ አልቆመም፤ የራሱን ጊዜ ጠብቆ ነው የቆመው።

ታዴ አልተመለሰም። ሞተ የሚል ወረቀትም አልመጣም። ሽማግሌዎች «እርምዎን ያውጡ፣ ልቅሶ ይቀመጡ» ብለው ስንት ጊዜ ለመኗቸው! «ስሙ ሳይጠራ አልቀመጥም» ይሉ ነበር። ለሰው ልቅሶ ነጠላ ያዘቀዝቃሉ፣ ለታዴ ግን አንድም ቀን ሳያዘቀዝቁ ነው ያረጁት። ባየኋቸው ቁጥር መንገድ መቀየር ያምረኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ጠርተው «ማቲ፣ በላህ?» ይሉኛል።

ሐሙስ ጠዋት ከሳሙኤል ጋር ኮረብታው ላይ ወጣን። ጋሽ ሻንካ ካረፉ ቆይተዋል። የመጀመሪያው ትንፋሼ ጡሩምባው ውስጥ ጠፋ፤ እፍ ብቻ። «በርታ እንጂ!» አለኝ ሳሙኤል። በሁለተኛው ጮኸ። ጡሩምባውን ዝቅ አደረግኩና ባለ በሌለ ድምፄ ተጣራሁ።

«ወይዘሮ አማረች አርፈዋል! የታደሰ እናት አርፈዋል! ቀብር በስድስት ሰዓት!»

የታዴ ስም በዚያ ጡሩምባ ተጠርቶ አያውቅም ነበር። ሳሙኤል ትከሻዬን ያዘኝ። ታች በሮች ተከፈቱ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ።

ዛሬም ጦርነት የሚል ወሬ ስሰማ እግሬ ቤት አይቆምልኝም። ልጄና ጓደኞቿም ስለ ሰላም በስልክ ሲጨቃጨቁ ያመሻሉ፤ እሰማቸዋለሁ። መጀመሪያ ከማን በር እንደምትነሱ እወቁ እላታለሁ፤ «አባ ደግሞ ጀመረህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ጀምሮኛል። ግን ሐሙስ ጠዋት ከኮረብታው ስወርድ ያ ሁሉ ሰው በአጠገቤ አለፈ፣ «ማን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም አልነበረም።