የእትዬ ዘይነባ ቸርኬዎች

ባለፈው እሁድ ወደ አባቴ ቤት ብቅ ስል፣ ገና የውጭውን በር ሳልከፍት የቀለም ሽታ አፍንጫዬን መታኝና እዚያው ቆምኩ። መርካቶ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ፣ አዲስ ቀለም ሲሸተኝ «ምን ሊያሳምሩ ነው?» አልልም፤ «ምን ሊደብቁ ነው?» ነው የምለው። ገብቼ ሳይ ታናሽ ወንድሜ ሰለሞን የመኪናውን አራት የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ፈትቶ ግቢው ውስጥ ካርቶን ላይ ደርድሯቸዋል፤ በሳሙና አጥቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ጎማውን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኖ፣ ከስልኩ ላይ ባየው መሠረት ቀለሙን ስስ ስስ እያደረገ ይረጫል። ጋራዥ ለምን እንደማይወስደው ስጠይቀው «እቤቴ እየቻልኩ ምን አስወሰደኝ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁንም አላመንኩትም። ጎንበስ ብዬ የደረቀውን አንዱን በአውራ ጣቴ ጥፍር ጫር አደረግኩት፤ አልተላጠም።

ይህን የጥፍር ነገር የወረስኩት ከአባዬ ነው። አባዬ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ቸርኬ ይነግድ ነበር፤ ሱቁ ከወለል እስከ ጣራ በቸርኬ የተሞላ ሆኖ የተቀባ ግን አንድም አይገኝበትም። የተቀባ ሲመጣለት በጥፍሩ ጫር ያደርግና፣ ስንጥቁን ወይም የተበየደውን ቦታ ሲያገኝ፣ ሻጩን ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ወደ መጣበት ያንከባልልለታል። እማዬ ደግሞ ጥርጣሬ መተዳደሪያዋ ባይሆንም ከባለሙያ በላይ ትተጋበት ነበር፤ በርበሬ ስትገዛ ሸክላ ተደባልቆበታል፣ ቅቤ ስትገዛ ሙዝ ገብቶበታል ትላለች፣ አባዬ ሲያመሽ ደግሞ ኮቱን ሳታሸት አትሰቅለውም። ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የተወለድኩ እኔ እንግዲህ ማንን ላምን ኖሯል?

በዚያ ቤት ያለ ምርመራ የሚገባ ነገር ቢኖር ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ የሚመጣ ብቻ ነበር። ሁለቱን ግቢ በሚለየው የቆርቆሮ አጥር መሃል መቀርቀሪያ የሌላት ትንሽ በር ነበረች፤ በረመዳን ማታ ማታ በእሷ በኩል ትኩስ ሳምቡሳ ይመጣል፣ የእኛ ድርሻ ሥጋው ቀርቶ በምስር የተሠራ፤ ለፋሲካ ደግሞ ከእኛ ድፎ ዳቦ ይሄዳል። ልጃቸው ሀያትና እኔ ቀኑን ሙሉ በዚያች በር ስንመላለስ ስለምንውል ማጠፊያዋ ሲጥ ሲጥ ማለቱን አያቋርጥም ነበር። ባለቤታቸው ጋሼ ከድር ዱባይ ተራ የጫማ ሱቅና በራቸው ላይ የምትቆም ነጭ ኮሮላ ነበራቸው። መኪናዋ የእሳቸው ብትሆንም፣ አራቱ የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎቿ ግን የእትዬ ዘይነባ ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር በጠዋት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቁጢጥ ይሉና እያንዳንዱን ቀዳዳ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጥቡታል፣ ሀያትና እኔም ፊታችንን እያየንበት ምላስ እናወጣለን።

አንድ ቀን ጠዋት በእትዬ ዘይነባ ጩኸት ተነሳን። ኮሮላዋ ያለ ጎማ፣ ያለ ቸርኬ፣ ብሎኬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጋሼ ከድርም አጠገቧ ቆመው «ሌባ ነው፣ ሌባ ወሰደው» ይላሉ። ሰፈሩ ተሰበሰበ። የተሰረቀ የመኪና ዕቃ የት እንደሚሄድ የማያውቅ ስለሌለ፣ የሰው ሁሉ ዓይን ቀስ እያለ ወደ አባዬ ዞረ። አባዬ «እንፈልጋለን» አለና አቀርቅሮ ወደ ሱቁ ሄደ። አቀርቅሮ መሄዱን እማዬ ልብ ብላለች፤ እሷ ልብ ማለቷን ደግሞ እኔ ልብ አልኩ።

እትዬ ዘይነባ በየጠዋቱ ወጥተው መኪናዋን እያዩ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። አንድ እሁድ ታዲያ አባዬ አራት ቸርኬ በማዳበሪያ ጠቅልሎ መጣ፤ የውጭውን በር ቀረቀረ፣ ትንሿን በር በበርሜል ደገፋት፣ ብሩሽና ጥቁር ቀለም አወጣና መቀባት ጀመረ። ቀለም የሚባል ነገር የማይወደው አባዬ! ቅባቱን እንኳ በቅጡ ሳያስለቅቅ፣ ሳይፍቅ፣ በላይ በላዩ ይለቀልቀዋል። እማዬ በመጋረጃው ሥር ስታይ ቆይታ ወጣችና «የማን ነው?» አለችው። «የሰው ነው።» «የምን ሰው?» «የሰው ነው አልኩሽ እኮ!» በማግስቱ ቸርኬዎቹን ጎማ አስገጥሞ ጎረቤት ወሰደና «እስኪያልፍልህ በእነዚህ ንዳ» ብሎ ለጋሼ ከድር ሰጣቸው። ጋሼ ከድር አመሰገኑ፤ እትዬ ዘይነባማ መረቁት።

ጁምዓ ደረሰ። እትዬ ዘይነባ እንደ ልማዳቸው ቁጢጥ ብለው አዲሶቹን ቸርኬዎች ሲያጥቡ እጃቸው ድንገት ቆመ። ጋሼ ከድር አንድ ጊዜ ከድንጋይ ጋር አጋጭተውት የተረፈች ጎድጓዳ ነበረች፤ ዓይናቸው ባያያትም ጣታቸው አገኛት። በጥፍራቸው ጫር ቢያደርጉት የአባዬ ቀለም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳና ከሥሩ ያ የሚያውቁት ብልጭታ ወጣ።

በትንሿ በር አልመጡም፤ በዋናው በር፣ ባላቸውን አስከትለው፣ ሰፈሩ እየሰማ ነበር የመጡት። «ጋሼ አያሌው፣ የእኛኑ ቸርኬ ቀብተው ለእኛው?» አሉት። አባዬ ወደ ጋሼ ከድር አየ። ጋሼ ከድር ጫማቸውን ያያሉ። አባዬ ጥቂት ጠበቃቸውና «እኔ አልሰረቅኩም ዘይነባ» አለ። «ታዲያ ማን ሰረቀው?» ሲሉት እንደገና ወደ ጋሼ ከድር አየ። በዚያው ቀን ጋሼ ከድር ትንሿን በር በሚስማር መቷት፤ አባዬ በእኛ በኩል በርጩማ ላይ ተቀምጦ የመዶሻውን ምት ይሰማ ነበር። እኔ ሀያት ከማዶ ስታለቅስ እየሰማሁ አብሬያት አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲያ ሶማሌ ተራ ላይ የአባዬ ስም «ቀቢው አያሌው» ሆኖ ቀረ። ደንበኛ ሁሉ ከሱቁ ቸርኬ ሲያነሳ በፊቱ በጥፍሩ ጫር ያደርግ ጀመር፤ አባዬም ይህን ባየ ቁጥር ዞር ብሎ የተደረደረውን እንደገና ይደረድራል። እማዬ እውነቱን እንዲነግራት ለምናዋለች፣ ተቆጥታዋለች፣ አኩርፋዋለች፤ መልሱ ሁልጊዜ «ምዬ ነው፣ አፌን አታስከፍቺኝ» ነበር። ማን ያስማለው እንደሆነ ስለማታውቅ እስኪሞት ድረስ ጠረጠረችው፤ እየወደደችው ጠረጠረችው።

አባዬ ሲሞት ጋሼ ከድር ለቅሶ መጡ። ሰው ቀለል እስኪል ጥግ ይዘው ተቀመጡና ወደ እማዬና ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ቸርኬውን ለአያሌው የሸጥኩለት እኔ ነኝ» አሉ። ለካ አንድ ደላላ ብዙ ካርቶን ጫማ አስገዝቷቸው ኖሯል፤ ከላይ ያለው ጥንድ ጥንዱን ነው፣ ከሥር ያለው በሙሉ የግራ እግር። እትዬ ዘይነባ ያንን ደላላ እንዳያምኑ አስቀድመው መክረዋቸው ስለነበር፣ መታለላቸውን ከሚነግሯቸው ሌባ መፍጠር ቀለላቸው። ኪሳራውን ለመሸፈንም ቸርኬዎቹን፣ ለማንም እንዳይናገር አባዬን አስምለው ሸጡለት። አባዬ ደግሞ የእትዬ ዘይነባን እንባ አይቶ አልቻለም፤ ሳይታወቅባቸው ሊመልስላቸው ብሎ በማያውቀው ሙያ ገባ። «ለዘይነባ ነገ እነግራታለሁ፣ ከእኔ አፍ ትስማው» አሉን። ማንንም አምና የማታውቀው እማዬ፣ ሰውዬውን አምና ዝም አለች።

ያ ነገ ሳይመጣ ጋሼ ከድርም ሞቱ። እማዬ የአባዬን ስም ልታስመልስ ቆርጣ ለቅሷቸው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ገብተን ሳንቀመጥ እትዬ ዘይነባ ደረታቸውን እየደቁ «ወላሂ፣ አንድ ቀን እንኳ ዋሽቶኝ አያውቅም!» ሲሉ ሰማን። እማዬ የያዘችውን ቃል ዋጠችና አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። ዛሬ እሷም የለችም፤ ነገሩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አጥሩ አሁን ብሎኬት ሆኗል፤ ትንሿ በር የነበረችበትን ቦታ ግን ሳልሳሳት አውቀዋለሁ። ሀያት ራቅ ያለ ሰፈር አግብታ ሄዳለች፤ መንገድ ስንገናኝ ሰላም ተባብለን እንተላለፋለን። ምስር ሳምቡሳ ከብዙ ቦታ ገዝቼ በልቻለሁ፤ ሳላገላብጥ፣ ሳልጠራጠር የበላሁት ግን በዚያች በር የመጣውን ብቻ ነው። ያ ይናፍቀኛል።

ሰለሞን የመጨረሻውን ቸርኬ ሲረጭ ከአጥሩ በላይ መስኮት ተከፈተ። እትዬ ዘይነባ ናቸው፤ አርጅተዋል፣ መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ነው። አየሩን ሳብ አድርገው አሸተቱና ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ አዩ።

«ዛሬ ደግሞ የማንን ነው የምትቀቡት?» አሉኝ።

የአባዬ ስም እዚህ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። የግራ እግር ጫማዎቹም መጡ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትቀረኝ፤ እትዬ ዘይነባ ግን መቁጠሪያውን ይዘው፣ አንድ ቀን ዋሽተዋቸው የማያውቁት ባላቸው ይቀመጡበት በነበረው መስኮት ላይ ቆመዋል።

«የራሳችንን ነው፣ እትዬ ዘይነባ» አልኳቸው።

አላመኑኝም።