የአበዛሽ ጀሪካን

መምህርት ኮከብ መታጠቢያ ቤት አላት ቢባል እውነት ነው፤ ትታጠብበታለች ቢባል ግን ነጭ ውሸት ነው። ባሏ ደምመላሽ ሴራሚክ አስነጥፎ ሻወር ካስገጠመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ይሁንና ቦንጋ ሲዘንብ ባደረ ጠዋት ሁሉ ከጓሮ፣ ቆርቆሮ ከለላ ሥር፣ በጆግ እየተንቀጠቀጠ ነው ገላውን የሚታጠበው። ሻወሩ ሥር መቆሚያ የለማ!

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፎጣውን አንገቱ ላይ ጥሎ በሩ ላይ ቆመ።

«ኮኬ፣ ዛሬ ወይ ዕቃው ይወጣል ወይ እኔ እወጣለሁ።»

«አንተማ በየቀኑ ትወጣለህ» አለችው። ቢሆንም እጅጌዋን ሰብስባ ገባች።

ምን የሌለ ነገር አለ? ውሃ ይጠፋል ተብሎ የተጠራቀሙ ዘጠኝ ጀሪካኖች፤ አራቱ ክዳን የላቸውም። አንድ ጠብታ ይወጣቸዋል ተብለው በአፍጢማቸው የተደፉ የሻምፑ ዕቃዎች። ጥፍር የምታክል የሳሙና ቁራጭ ሁሉ የምትጠራቀምበት የቲማቲም ጣሳ። የተሰበረ ባልዲ።

«ይሄስ ምን ያደርግልሻል?»

«ለሌላው ባልዲ መክደኛ ነው።»

ሌላው ባልዲ ደግሞ ቀዳዳ ነው። ደምመላሽ አንድ ዕቃ ባወጣ ቁጥር እሷ ከኋላው ሁለት ትመልሳለች።

ረፋድ ላይ ጥግ የቆመውን የውሃ በርሜል ገፋ ሲያደርገው፣ እጀታዋ ላይ ሰማያዊ ጨርቅ የታሰረባት ቢጫ ትንሽ ጀሪካን ብቅ አለች። የኮከብ ፊት ተለዋወጠ።

ጀሪካኗ የአበዛሽ ናት። ኮከብ ከጎጃም ተመድባ መጥታ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ባለው ማንኪራ ስታስተምር ጎረቤቷ የነበረች፣ ስትወልድም እንደ እናት ያራሰቻት አበዛሽ! የዛሬ ሦስት ዓመት ኮከብን ታይፎይድ ሲጥላት በዚህች ጀሪካን ማር ሞልታ ላከችላት። ኮከብ ዳነች፤ ዕቃውን ግን አልመለሰችም። የሰው ዕቃ ባዶውን እንዴት ይመለሳል? ከአገሬ የኑግ ዘይት ሲመጣልኝ እሞላዋለሁ አለች። ዘይቱ መጣ፣ እንግዳ ጨረሰው። በዓመቱ ስኳር ላድርግበት ብላ ነበር፤ ግን ከዓመት በኋላ ስኳር ብቻ? በሁለተኛው ዓመት ቀሚስም ካልተጨመረበት ያሳፍራል። እፍረቱ ባደገ ቁጥር ስጦታው አብሮ ማደግ ነበረበት። በመጨረሻ አበዛሽን ላለማግኘት የገበያ መንገዷን ቀየረች። ግን ትናፍቃታለች፤ በጣም ትናፍቃታለች።

ጀሪካኗን አጠበቻት። ጓዳውን ብትፈትሽ የሚሞላ ነገር የለም።

«ባዶዋን እወስዳታለሁ» አለች ድንገት።

«ባዶዋን? ሰው ምን ይላል?»

«ትስደበኝ። ከምትጠፋብኝ ትስደበኝ።»

ገበያ ስትደርስ አበዛሽ ማር ተራ ተቀምጣለች። ኮከብን ስታይ ድንብር አለችና ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ኮከብ ሦስት ዓመት ሙሉ የፈራችው ይሄንን ነበር። እንደምንም ቀረበች።

«አበዛሽ፣ ጀሪካንሽን አመጣሁ። ባዶ ናት። ይቅር በዪኝ።»

ከሻርፑ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ቲቸር፣ እኔስ? ሳፋሽ?»

«የቱ ሳፋ?»

«አረንጓዴው። ለልጄ ሠርግ ዳቦ የላክሽበት። ጥሩ ማር ሲቆረጥ ሞልቼ እመልሳለሁ እያልኩ ቀረሁ። አሁንም እሱን ልትጠይቂኝ የመጣሽ መስሎኝ ነው የተደበቅሁት።»

ኮከብ ሳፋው ትዝ እንኳ አላላትም ነበር። «የት ነው ያለው?»

«ገላ የምንታጠብበት ጋ። ከበርሜሉ ኋላ።»

ሁለቱም መሬት ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ማር ሊገዛ የመጣው ሰው ሁሉ ዋጋ መጠየቁን ትቶ ያያቸው ጀመር። አበዛሽ እንባዋን ጠርጋ ጀሪካኗን ተቀበለችና ወዲያው ማር ልትቀዳባት ስትል ኮከብ እጇን ያዘች።

«እምቢ! ደግሞ ሌላ ሦስት ዓመት ልታጠፊኝ ነው? የሚመጣው ቅዳሜ ቤት ነዪ። ባዶ እጅሽን።»

ኮከብ ስትመለስ መታጠቢያ ቤቱ ባዶ ሆኖ ያበራል። ደምመላሽ ሻወሩ ሥር ቆሞ ሲከፍተው ጠብ የሚል ነገር የለም፤ ውሃ ጠፍቷል። እየተነጫነጨ አንዱን ጀሪካን መልሶ አስገባና በጆግ ታጠበ።

በሳምንቱ የግቢው በር ተንኳኳ። አበዛሽ ከማንኪራ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጥታ፣ የምታደርገው ጠፍቷት ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ ቆማለች።

«ይኸው ቲቸር፣ ምንም አልያዝኩም» አለች።

ኮከብ ባዶዎቹን እጆች ጥብቅ አድርጋ ይዛ አለቀሰች።