የጋሽ ተፈራ ሦስት መነጽሮች

ባለፈው ሳምንት እዚህ ካናዳ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ የምትሠራ አንዲት የዓይን ሐኪም፣ መጽሐፍ አርቄ ይዤ ለማንበብ ክንዴ እንዳጠረ በጨዋ አነጋገር ከነገረችኝ በኋላ ቅጽ እየሞላች፣ "ዓይንህ ላይ ጉዳት ደርሶ ያውቃል?" ስትል ጠየቀችኝ። "የለም" አልኳት። እሷ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች፤ እኔ ግን እዚያው ቀረሁ። ሰው የደረሰበትን ሲተርክ ይኖራል፤ ያልደረሰበትን የሚተርክ የለም። እኔ ደግሞ በሕይወቴ በጣም የምኮራበት ነገር ሳይደርስ የቀረ ነገር ነው።

የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነበር። ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ዌስተን በሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት በሚበዛበት ሕንፃ ውስጥ ከቢኒያምና ከዳዊት ጋር አንድ አፓርታማ ተከራይተን እንማራለን። ቢኒያም በትርፍ ሰዓቱ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ስለነበር እዚያ ግሬግ ከሚባል ካናዳዊ ጋር ተዋወቀ። ግሬግና ጓደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው በስተሰሜን ያለ የአንድ ገበሬ ጫካ ተከራይተው ኤርሶፍት ይጫወታሉ፤ ማለትም ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት የሚተፋ የመጫወቻ ጠመንጃ ይዘው ዛፍ ለዛፍ እየተሯሯጡ ይታኮሳሉ። ጠመንጃ አበድራችኋለሁ፣ የዓይን መከላከያ ግን ራሳችሁ አምጡ አለ። ደንቡን የያዘ ሁለት ገጽ ወረቀትም ላከልን።

ቢኒያም ወረቀቱን አላነበበውም። ዳዊት የሻይ ብርጭቆ አስቀመጠበት። እኔ የመድኃኒት ካርቶን ጀርባ ሳይቀር የማነብ ሰው ስለሆንኩ አነበብኩት። መነጽሩ ምት እንደሚችል የተፈተነና ምልክቱ የታተመበት ይሁን፤ ፊት ላይ ዙሪያውን ይግጠም፤ የፀሐይ፣ የዋናና የበረዶ ሸርተቴ መነጽር ክልክል ነው ይላል። ደረቅ ጽሑፍ ነው፤ ግን በዚያ ዓመት ካነበብኳቸው ወፋፍራም የፍልስፍና መጻሕፍት ይልቅ እውነት ነበረው።

ነገሩን ከጨዋታ በላይ ያደረገው ዳዊት ነው። በልጅነቱ ሰፈር ውስጥ በላስቲክ ወንጭፍ የተወረወረ ጠጠር ግራ ዓይኑን መትቶታል፤ በእሱ ከጥላ በቀር አያይም። የሚያነበውም፣ መንገድ የሚያቋርጠውም፣ ቆንጆ የሚለየውም በቀኙ ነው። ይህን ግን እንደ ቁም ነገር አያነሳውም።

ዓርብ ከሰዓት የቢኒያም አጎት ጋሽ ተፈራ መጡ። በሰማንያዎቹ በስደት የመጡ፣ ቫን ያላቸው፣ ወደ ጫካው አውቶቡስ ስለሌለ እኔ አደርሳችኋለሁ ያሉ ሰው ናቸው። "እኛ ከእውነተኛው ጥይት ሸሽተን መጣን፤ እናንተ ደግሞ ተኩሱብን ብላችሁ ትለምናላችሁ!" እያሉ ከላስቲክ ከረጢት ሦስት መነጽር አወጡ። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የገዟቸው የበረዶ ሸርተቴ መነጽሮች ናቸው። ትልልቅ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ጄኔራል የሚያስመስሉ። "ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ" ብለው መረቁን። ተነስተን ትከሻቸውን ሳምን።

አገላብጬ አየሁ። ምልክት የሚባል የለም። ኩሽና ውስጥ ይህንኑ ስናገር ቢኒያም ጣቱን አፉ ላይ አደረገ።

"ሽማግሌ መርቆ የሰጠህን ልትመልስ ነው?"

"ወረቀቱ ክልክል ነው ይላል።"

"ጀመረው ፕሮፌሰሩ! ወረቀቱን ልበሰዋ።"

ወደ ዳዊት ዞርኩ። ዓይኑ የእሱ ነው። "ሪላክስ ባክህ" አለ፤ "ጋሼን ከምናስቀይም እኔ ትንሽ ወደ ኋላ እላለሁ።" ይሉኝታን ያመሰገነ ሁሉ ይህችን ዓረፍተ ነገር ቢሰማ ጥሩ ነበር። እኔም ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ጥቅምት ነው፤ አስፋልቱ እርጥብ፣ የሜፕሉ ዛፍ ቅጠል ቀልቷል፣ የታጨደው የበቆሎ ማሳ አገዳውን ብቻ አሰልፎ ቆሟል። ቫኑ ውስጥ የጋሽ ተፈራ ባለቤት የጋገሩት ድፎ ዳቦ ሽታ፣ ጥቁር አዝሙድና ኮባ ቅጠል። ቅጠሉ ከየትኛው የኤዥያ መደብር እንደመጣ ጋሽ ተፈራ በዝርዝር አስረዱን። እኔ አልሰማኋቸውም፤ ከፊቴ የተቀመጠውን የዳዊትን ማጅራት እያየሁ ነበር።

ስንደርስ ግሬግ መነጽሮቹን ከሩቅ አይቶ አውራ ጣቱን አነሳ። ደንብ ጸሐፊና ደንብ አስከባሪ አንድ ሰው ሲሆን ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ዕረፍት ላይ ነው። ዳዊት መነጽሩን ሊያጠልቅ ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። ዙሪያዬን ፊት የሚመስል ነገር ፈለግኩ፤ ያገኘሁት ድፎ ዳቦውን ብቻ ነው። አጥር እንጨት ላይ አስቀምጬ መነጽሩን አጠለቅኩለት። የግሬግን መነጽር ተውሼ አደረግኩ፣ ጠመንጃውንም ተቀበልኩትና ሁሉንም ወደ ቫኑ ጀርባ ሰደድኳቸው።

"አንተ ልጅ! እህል ላይ ይተኮሳል?" ጋሽ ተፈራ ጮኹ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ከዳዊት ዓይን ዳቦው ይሻላል።"

ከአሥር እርምጃ ተኮስኩ። ያ ስንት ዘመን ፀሐይ ያደረቀው የፕላስቲክ መስታወት እንደ ብስኩት ተሰበረ። ሄደን ስናይ ጥይቷ ዳቦው ውስጥ ገብታለች፤ ስባሪውም አብሯት ተሰክቷል፤ በቀኝ በኩል።

ቢኒያም መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ተፈራ ስባሪውን በጥፍራቸው ነቅለው መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት።

"ታውቁ ነበር?"

"አንብቤ ነበር፣ ጋሼ።"

"ትናንትና?"

"አዎ።"

"እኔን ላለማስቀየም የልጁን ዓይን ልታጠፉት? እኔ ማን ነኝ? ጣዖት ነኝ?" ስባሪውን ወደ እኔ ዘረጉት። "እምቢ ብትሉኝ አኩርፌ እራት ሳልበላ አድር ነበር፤ በቃ! ለፈጣሪ ምን ብዬ እመልሳለሁ?"

ዳዊት ሊያጽናናቸው ክንዳቸውን ያዘ። ግሬግ ሁለት ትርፍ መነጽር ነበረው፤ ለዳዊትና ለቢኒያም ሰጠ። እኔ እንደዚያ የጓጓሁለትን ጨዋታ ቫን ውስጥ ሆኜ፣ ከጋሽ ተፈራ ጋር ዳቦውን ከጥይቷ ዙሪያ እየቆረስኩ አሳለፍኩ። እህል አይጣልም።

ሰኞ ጋሽ ተፈራ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "ና፣ አንተ ምረጥ" አሉኝና የሠራተኛ ልብስ የሚሸጥ ሱቅ ወሰዱኝ። መስታወቱም ፍሬሙም ላይ የታተመውን ፊደልና ቁጥር፣ ከጎኑም ምት እንደሚችል የሚነግረውን የመደመር ምልክት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው እያንዳንዱን መረመሩ። አፍንጫና ጉንጭ ላይ ክፍተት እንዳይኖር ጣታቸውን ዙሪያውን አስገቡ፤ እንፋሎት ይይዘው እንደሆነ ሊያዩ ለብሰው እየተነፈሱ ሱቁን ሁለቴ ዞሩ። ሻጩ ሳቀ። "እንደ ሙሽራ ቀሚስ መረጥነው፣ አይደል?" አሉኝ። ሦስት ገዙ። ያን ጊዜ አልመረቁንም፤ "ምልክቱን አሳየኝ" ብለው ብቻ ለእያንዳንዳችን አደሉን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ዳዊት ከግንድ ጀርባ አንገቱን ሲያወጣ "ቷ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጥይቱ ቀኝ መስታወቱን መትቶ ነጠረ። ጭረት እንኳ አልተወም። ዳዊት እጁን አነሳና "ሞቻለሁ!" ብሎ እየሳቀ ወጣ። እኔ ጠመንጃዬን አስቀምጬ ቅጠል ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክርክር አሸንፌያለሁ፤ አብዛኛው ለማንም አልጠቀመም፤ ጥቂት ወዳጆችም አሳጥቶኛል። ነገረኛ ነው ይሉኛል፤ አልክድም። ግን ነገረኛነት አንድ ቀን እንኳ በትክክለኛው ቦታ ከዋለ ዕድሜ ልክ ያኮራል። የማያኮራኝ ያ የዓርብ ዝምታ ነው፤ እሱንም አብሬ እይዘዋለሁ፤ ያለዚያ ሰው የራሱን ሐውልት መሥራት ይጀምራል። ዳዊት አመስግኖኝ አያውቅም። ባለበት ለቀረ ዓይን ማን ያመሰግናል?

ትናንት ደወለልኝ። በቅርቡ ያወጣሁትን ረጅም መጣጥፍ እስከ መጨረሻው አንብቦታል። አልወደደውም። እያንዳንዱን የፊደል ግድፈት ከነገጹ እየጠራ ነገረኝ፤ ሦስት ሰው አርሞት ያመለጠውን ሁሉ፤ በዚያችው በአንዷ ዓይኑ።