የሻዕባን አረማመድ

ዐወድ ክፉ ሰው አልነበረም። ማሽላው ከጎረቤቱ ማሽላ ቀድሞ እስከ ደረሰ፣ ፍየሉ መንታ እስከ ወለደች፣ በበዓል ቀንም ሰው ሁሉ እሱን እስካየ ድረስ፣ በአሶሳ ኮረብቶች ሥር ከዐወድ የሚሻል ጎረቤት አይገኝም። ችግሩ ከእነዚህ አንዱ የጎደለ ዕለት ነው። ያን ዕለት እህል አይበላለትም። ሚስቱ ብኸይታ ገንፎውን ከነባሚያው ፊቱ ታኖርና ዛሬ ደግሞ በማን ቀንቶ ይሆን ብላ በልቧ ትገምታለች። ብዙ ጊዜ አትስትም።

ከሁሉ ይበልጥ የሚኮራበት ግን ዙምባራው ነበር። ዙምባራን ላላየ ሰው እንዲህ ነው፦ የደረቀ ቅል እየተቆረጠ አንዱ ባንዱ ውስጥ ይሰካና ረጅም መለከት ይሆናል። መለከቶቹ ብዙ ናቸው፤ ክንድ ከምታህለው ጀምሮ ከሰው ቁመት እስከሚበልጠው ድረስ አሉ። እያንዳንዱ መለከት ግን አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ነፊዎቹ በክብ እየዞሩና መሬቱን እየረገጡ፣ አንዱ ሲያበቃ ሌላው እየተቀበለ፣ ዘፈኑን በጋራ ይሠሩታል። አንድ ሰው ተራውን ከሳተ ዘፈኑ ውስጥ ጉድጓድ ይቀራል፤ ጉድጓዱንም ሕፃን ሳይቀር ይሰማዋል። በዐወድ መንደር ትልቁን መለከት «አባት» ይሉታል። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ አባትን የነፋው ዐወድ ነው።

አንገቱን ያበላሸው ወርቅ ነው። ከደጋ የመጡት ሹማምንት ግብሩን በወርቅ ካደረጉት ወዲህ ሰዉ በጋውን የሚያሳልፈው ጉድጓድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ነበር። ዐወድ ደግሞ ሌላው ሰው አንድ ቅርጫት አፈር ሲያወጣ እሱ ሁለት ካላወጣ እንቅልፍ የለውም። እንዲህ ሲሽቀዳደም ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቶ እዚያው ቀረ። ወደ ጎን ማየት ሲፈልግ ሰውነቱን ሁሉ ይዞ ነው የሚዞረው፤ ከኋላ የጠራው ሰው እስኪዞርለት ቆሞ መጠበቅ ነበረበት።

አምና በመኸር በዓል መሪው አልአሚን ከክቡ መካከል ምልክት ሲሰጥ ዐወድ ፈጥኖ ወደ እሱ ዞረ። አንገቱን በጩቤ የወጉት መሰለው፤ ትንፋሹ ተቆረጠ፤ አባት ዝም አለ። በሚቀጥለውም ተራ ዝም አለ። ያኔ ከዳር ቆሞ ያጨበጭብ የነበረው ሻዕባን ገባና መለከቱን ከእጁ ተቀብሎ ነፋው።

ይህ ሻዕባን የዐወድ እኩያ ነው፤ አንካሳም ነው። በወጣትነቱ የወርቅ ጉድጓድ ተንዶበት ዳሌው ስለተሰበረ አንድ እግሩ ካንዱ ያጥራል። ዐወድን ያንገበገበው ይኸው ነበር። በጎበዝ ቢተካ ምናልባት ይችለው ነበር፤ በአንካሳ መተካትን ግን ሆዱ እንቢ አለ። እንዲያውም ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ብኸይታ፣ «ሻዕባን ሲነፋው ድምፁ በመሬት በኩል መጥቶ ውስጥ እግሬ ድረስ ተሰማኝ» አለች። ስለ ዐወድ አነፋፍ እንዲህ ያለ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

አልአሚንም አልሸሸገውም። «አንገትህ እስኪሻልህ አባት ሻዕባን ዘንድ ይቆይ» አለው። የሚመጣው ማሽላ ሲሰበሰብ ደግሞ የዐወድ ልጅ ኸድራ ትዳራለች። በገዛ ልጁ ሰርግ አባትን ሌላ ሰው ሊነፋው ነው። ይህን ባሰበ ቁጥር ቆሽቱ ያርራል።

ብኸይታ በሰሊጥ ዘይት አሸችው። ቁርኣን የሚያስተምሩት ፈቂም በሰሌዳ ላይ ጽፈው ያጠቡበትን ውሃ አጠጡትና፣ «ኢንሻአላህ ይለቅሃል፤ አንተም ልቀቀው» አሉት። ዐወድ የሚለቀው ነገር ምን እንደሆነ አልገባውም። ይልቅስ ሻዕባን ሒጃብ የሚሉትን ክታብ አሠርቶ ጤናውን የወሰደበት መሰለው። ሒጃቡ የት እንደታሰረ ለማወቅ ሰውየውን ይከታተል ገባ። ሻዕባን ውሃ ሲቀዳ አየው፤ ሲቀመጥ፣ ሲነሣ፣ እንጨት ተሸክሞ ዳገት ሲወጣ አየው። ሰውየው ከባድ ነገር ሊያነሣ ሲል ትንፋሹን እንደማይዝ፣ ሲጠሩት ዐይኑ ቀድሞ እንደሚሄድና አንገቱ ቀስ ብሎ እንደሚከተል አስተዋለ። በክንዱም በወገቡም ሒጃብ የለም። ዐወድ ግን መፈለጉን አልተወም፤ ሚስት የሚፈልግ ጎረምሳ እንኳ ሰውን እንዲያ አያጠናም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ከሾላው ጥላ ሥር ተቀምጠው የቀርከሃ ቅርጫት ሲሠሩ የሻዕባን ስም ተነሣ። አንዱ፣ «ነፋሁ የሚል እንደ ሻዕባን ይንፋ» አለ። ዐወድ ብድግ አለ። «እንዴት እንደሚነፋ እኔ ላሳያችሁ» ብሎ አንድ ቀርከሃ እንደ መለከት አፉ ላይ ደገነና የሻዕባንን አረማመድ ይረማመድ ጀመር። አጭሩ እግር ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ለቀቅ፣ ዳሌውን ዝቅ፣ ትከሻውን ጣል፣ ራሱን ወደዚያው ዘንበል ያደርግና እንደ ገና ቀና ይላል። ያን ሁሉ ጊዜ ያጠናውን አንድም ሳያስቀር አወጣው። ሰዉ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ከኋላው ሳቁ ቀጥ አለ። ምን ሆኑ ብሎ ዞር ሲል ሻዕባን መቆፈሪያውን በትከሻው ይዞ ቆሟል።

ሻዕባን አልተቆጣም። በግ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ግራ ጉልበትህን ታጠብቀዋለህ» አለው። «ልቀቀው። አሁን የምትመስለው እኔን አይደለም፤ እኔን ለመምሰል የሚታገል ሰው ነው።» ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

ዐወድ መግቢያ ጠፋው። ሰው ሰድበህ ስድብህን ሲያርምልህ ምን ይባላል? ውስጡ እየተቃጠለ ቤቱ ደረሰ። ነገሩ የታወቀው ደጁ ላይ ነው፦ ቅድም ከሾላው ሥር ሻዕባንን ሊያይ ሲዞር አንገቱ ብቻውን ነበር የዞረው። ትከሻው አልተከተለውም። አላመመውምም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ከጎተራው ጀርባ እየሄደ በሻዕባን ያሾፍ ጀመር። ጉልበቱን ይለቃል፣ ዳሌውን ይጥላል፣ ወደ ላይ ይመለሳል። አንድ ጠዋት ብኸይታ ደረሰችበት።

«የኸድራ አባት፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«በሻዕባን እያላገጥኩ ነው።»

«ማንም በሌለበት?»

«ማን እንዲኖር ፈለግሽ?»

ብኸይታ ቆማ አየችው። «አምሮብሃል» አለችና የውሃ ቅሏን ይዛ ወረደች። ይህም አስቀናው፤ ያማረበት የሻዕባን አረማመድ ነዋ።

ግን ዐወድ ያው ዐወድ ነው። ጥቂት ሻል ሲለው ሻዕባንን መምሰል አልበቃ አለው፤ ሊበልጠው ፈለገ። ሻዕባን ወደ ጎን ከዞረ እሱ ጀርባውን ማየት አለበት። ማሽላው እሸት በያዘ ሰሞን አንድ ማለዳ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጎተተው። የሆነ ነገር ቋ አለ። ከዚያ ወዲያ ራሱን ከምንጣፉ ማንሣት እስኪሳነው ተያዘ። ውጭ ብኸይታና ጎረቤቶቿ ስለ ሰርጉ ሲያወሩ፣ ሻዕባን አባትን ሲነፋ እንዴት እንደሚያምር ሲጨዋወቱ፣ እሱ ጣሪያውን እያየ ሁሉንም ይሰማል።

መነሣት ሲችል ሻዕባን ቤት ሄደ። መንገዱ አጭር ነው፤ ለሱ ግን ድንበር ላይ ካለው ከኩርሙክ የራቀ ሆነበት። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ፣ «አንተ ያን መለከት ስትይዝ እንዴት ነው የማያምህ?» አለ።

ሻዕባን ምንጣፍ ዘረጋለት። «በጀርባህ ተኛ» አለው። «ራስህን ወደ ቀኝ አዙር፤ በዝግታ። የሚያምህ ቦታ ሳትደርስ ተመለስ።»

ዐወድ ሞከረ። «ይህማ ምንም አይደለም። የጣት ውፍረት አይሆንም።»

«ጣት ይበቃል። ሳያምህ ተመለስ።»

«ይህን ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ጉድጓዱ የተናደብኝ ጊዜ ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ተኝቼ ከረምኩ። ሰዉ አይተርፍም ብሎ ትቶኛል፤ ሥራ የለኝም። አውራ ጣቴን ሳንቀሳቅስ ዳሌዬ ምን ይላል፣ ስተነፍስ ጀርባዬ የቱ ጋ መሬት ይነካል፣ ይህን ሳይ ነበር የምውለው። ስታገለው ይቆለፋል፤ ስተወው ይከፈታል። ቀስ እያልኩ በጎኔ ዞርኩ፣ ከዚያ ዳኽሁ፣ ከዚያ ቆምኩ። እንደ ሕፃን ነው እንደ ገና የተማርኩት።»

ዐወድ በዚህም ቀና። ሰውየው ጉድጓድ ተንዶበት ባገኘው ነገር እንኳ ቀና።

ሻዕባን ከጎኑ ተቀምጦ መንጋጋውን ተመለከተ። «አንተ ዐወድ፣ ጥርስህን ለምን ትነክሳለህ?» አለው።

«አልነከስኩም።»

«ነክሰሃል። እስቲ ዐይንህን ጨፍን። ይኸው ለቀቅከው። ክፈት። አየህ? እኔን ስታይ ነከስክ።»

ዐወድ እንደ ገና ጨፈነ፣ ከፈተ። እውነትም መንጋጋው፣ ከሥሩ ያለው ጅማት፣ ትከሻው፣ ሁሉም በአንድ ገመድ የታሰሩ ናቸው፤ ሻዕባንን ባየ ቁጥር ገመዱን የሚጎትተው ራሱ ነው። ከጉድጓዱም በፊት ይጎትተው እንደነበር፣ የጎረቤቱን ማሽላ ሲያይም እንዲሁ እንደሚያደርግ ተሰማው።

«ቀንቼብህ ነው» አለ ጣሪያውን እያየ። ዕድሜውን ሙሉ ይህን ቃል ተናግሮት አያውቅም።

«አውቃለሁ» አለ ሻዕባን። «አሁን ወደ ግራ አዙር።»

ከዚያ በኋላ ዐወድ እየተመላለሰ ተማረ። መቆፈሪያ ሲያነሣ ትከሻው አብሮ ሲነሣ ይታወቀዋል፤ ያወርደዋል። ትንፋሹን ይዞ ሲያገኘው ይለቀዋል። የጣት ውፍረት የነበረው የእጅ ወርድ ሆነ፤ የእጅ ወርዱም ሰፋ። ማሽላው ታጭዶ ሲገባ አንገቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ያለ ጣጣ ይዞር ነበር። ቅናቱ አለቀቀውም፤ ብቻ አሁን ሲመጣ በየት በኩል እንደሚመጣ ያየዋል።

ለሰርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሻዕባን አባትን ተሸክሞ መጣና የዐወድ ቤት ግድግዳ ላይ አስደገፈው። «አልአሚንም ይሁን ብሏል። የልጅህ ሰርግ ነው፤ ያንተ ተራ ነው» አለ። ዐወድ ፊቱን አጥብቆ ተመለከተው፤ አንድ ቅሬታ ቢያገኝ ብሎ ነው። ምንም የለም። ሰውየው መለከቱን ሲይዘው እንዳልከበደው ሁሉ ሲመልሰውም አልከበደውም። ዐወድ ተቀበለ፣ አመሰገነ፤ ደስታው ግን ግማሽ ሆነበት። ሻዕባን ካልተቃጠለ ማሸነፉ ምኑ ላይ ነው?

የሰርጉ ዕለት ዙምባራው ከቀትር በኋላ ተነሣ። ዐወድ አባትን ደግኖ ገባ፤ ጉልበቱ ለስላሳ፣ ትከሻው በቦታው ነው። ድምፁ ከሆዱ ተነሥቶ በረጅሙ ቅል ወጣ። ኸድራ ከሴቶቹ መካከል ሆና አባቷን አየችና ፈገግ አለች። ክቡ ዞረ፣ እንደ ገና ዞረ፣ ተራው በመጣ ቁጥር ሳይሳሳት ነፋ። አልአሚን ራሱን ነቀነቀለት።

ይህ ሊበቃው ይገባ ነበር። ዐወድ ግን ሻዕባን አሁን ምን መስሎ ይሆን ብሎ አሰበ። ከሚያጨበጭቡት መካከል ፈለገው፤ አንገቱም እንደ ጎረምሳ አንገት እሺ ብሎ ዞረለት። ሻዕባን በአጭር እግሩ ምት እየጠበቀ ያጨበጭባል። ጥርሱን አልነከሰም። ዐወድ ደግሞ አየው፤ ጥቂት ቅናት፣ የእፍኝ ሩብ እንኳ ብትሆን ፍለጋ። ያኔ ተራው አለፈ። አምና ያሳተው አንገት አልዞር ብሎ ነበር፤ ዘንድሮ በመዞሩ አሳተው።

ጉድጓዱ ግን አልተሰማም። ሻዕባን ከቆመበት ሳይነቃነቅ አፉን ከፍቶ የአባትን ድምፅ በጉሮሮው አወጣው፤ በልኩ፣ በጊዜው። ሰዉ ሳቀ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ዘፈኑ ሳይሰበር ቀጠለ። ዐወድ ጥርሱ ሲገጥም ተሰማው። ለቀቀው። በሚቀጥለው ተራ ነፋ፤ ከዚያም ሰርጉ እስኪያበቃ አልሳተም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ሙሽራዋ ተሸኝታ ግቢው ጭር አለ። ብኸይታ ደጁ ላይ እግሯን ዘርግታ አረፍ ብላለች። ዐወድ መለከቱን አስደግፎ አጠገቧ ቆመ።

«ዛሬስ ድምፁ ውስጥ እግርሽ ድረስ መጣ?» አላት።

«መጣ» አለች። «አንድ ጊዜማ ዕንባዬም መጣ።»

ዐወድ ልቡ ሞላ። ወዲያው ደግሞ፣ የትኛው ጊዜ? የኔ ድምፅ ነው ወይስ የሱ? የሚል ጥያቄ ተነሥቶ ጉሮሮውን አለፈ፣ ምላሱ ላይ ደረሰ። መንጋጋው ሊጠብቅ ሲል ተሰማው። ሳይጠይቃት፣ ሳያመው ተመለሰ።